የልጅ ሳንባ መግል ሳይቋጥር፦ ለልደታ ወላጆችና አስታማሚዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታልም አለ። ከየክልሉ ሪፈር ተጽፎላቸው፣ ሌሊት ተጉዘው የሚመጡ ሕፃናት የሚታከሙበት ግቢ ለእኛ በእግር የሚደረስ ነው። ቅርበት ብቻውን ግን ልጅ አያድንም። ሦስት ሳምንት ዘግይተው የሚደርሱበት ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ቢሆንም ሩቅ ነው።

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው ልጆችን ወደ ደረት ቀዶ ሐኪም የሚያደርሱትን የሳንባ ኢንፌክሽኖች ነው። አብዛኛው የሳንባ ምች በጊዜ ከተያዘ በአፍ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 740,180 ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ቀዶ ሐኪሙ የሚጠራው ነገሩ ሲወሳሰብ ነው፦ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል መግል ሲቋጥር፣ የአየር ቧንቧ ውስጥ ፍሬ ሲቀረቀር፣ ከውሻ የሚመጣ ትል ሳንባ ውስጥ ውኃ ያዘለ ከረጢት ሲሠራ፣ ወይም አንዱ የሳንባ ክፍል ደጋግሞ ታሞ ከጥቅም ውጭ ሲሆን። ከእነዚህ አብዛኞቹን ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃቸው መዘግየት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከታዘዘ በኋላ ደግሞ ጉዳቱን የሚያከፋው ፈርቶ መሸሽ ነው። የሚከተሉት ነጥቦች ሁለቱን ለመከላከል ነው የተጻፉት።

ሀ. ሕመም ሳይመጣ

1. ክትባት አታቋርጡ። ዋነኛውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ የሚከላከለው የፒሲቪ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በእነዚሁ ቀጠሮዎች የሚሰጠው ፔንታቫለንት ትክትክንና ሌላውን የሳንባ ምች አምጪ፣ ሂብን፣ ይከላከላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው፤ ኩፍኝ ካለፈም በኋላ ሳንባን ጎድቶ ሊሄድ ይችላል። ክትባቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ቀኑ አለፈብን ብላችሁ እቤት አትቅሩ፤ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

2. ልጁን ፀሐይ አሙቁት። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች ካልያዛቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጽሯል። ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መልፈስፈስ፣ ከታመሙት በ210ዎቹ ላይ ሲገኝ ካልታመሙት የተገኘው በ20ዎቹ ላይ ብቻ ነበር። የለፈሰፈሰ የጎድን አጥንት ደረትን በወጉ ማስፋት ስለማይችል አክታ ይጠራቀማል፣ ኢንፌክሽኑም ይበረታል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ብርድ ይመታዋል፣ ሰው ያየዋል እያላችሁ በጋቢ ጠቅልላችሁ አታስቀሩት። የኮንዶሚኒየም መስኮት ዘግቶ ከመስታወት ኋላ ማሞቅም አይጠቅምም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጠዋት ጠዋት ደጅ ወይም በረንዳ ላይ እጅ እግሩን ገልጣችሁ አሙቁት።

3. ለጨቅላ ቅቤ አታስውጡ፤ እንጥል አታስቆርጡ፤ ግግ አታስወጡ። ቅቤ በትንታ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰውነት በቀላሉ አያጸዳውም፤ እዚያው ተቀምጦ ሳንባውን ያቆስላል። አፍንጫ ይዞ አጥሚት ወይም መድኃኒት መጋትም እንደዚያው ነው። ባልጸዳ ስለት እንጥል ወይም ድድ መቆረጥ ደግሞ ደም ያፈሳል፣ ለኢንፌክሽንም በር ይከፍታል።

4. ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አትስጡ። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ከደጅ ንፍሮ ሲታደል በየእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃን እጁን ይዘረጋል። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ በቆሎው ለእሱ ጉሮሮ ትልቅ ነው፤ መንጋጋ ጥርስ ስላላወጣም አያደቀውም። ደቁሳችሁ ወይም አድቅቃችሁ ስጡት። ቆሎና ኦቾሎኒ እጁ አይግባ። እየሮጠ፣ እየሳቀ ወይም እያለቀሰ ያለ ልጅ አፍ ውስጥ ምንም አትጨምሩ።

5. ጭስና ሕፃን አይገናኙ። ልጅ አዝላችሁ እንጀራ አትጋግሩ፣ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ይግባ። በጠባብ ቤት ቡና ስታፈሉ ዕጣኑን ቀንሱ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከቤት ወጥቶ ያጭስ።

6. የቅርጫ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉ። ለበዓል የታረደ በሬ ወይም በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ የትል ዕጭ ነው። ውሻ ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ መሬት ላይ የሚጫወት ልጅ በእጁ ይዞት አፉ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ልጁ ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ያድጋል። ያንን ሥጋ በጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

7. ቤት ውስጥ ቲቢ የያዘው አዋቂ ካለ ልጆቹን አስመርምሩ። ያላሳሉትንም ጭምር። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ላልታመመው ልጅም መከላከያ ይሰጠዋል።

ለ. ሳል ሲጀምር

8. ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሆዱና ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል፤ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይታይ።

9. እነዚህን ካያችሁ ሰዓት አታሳልፉ፦ የደረቱ ታችኛ ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የዋጠውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ፣ የከንፈር መጥቆር። በቀጥታ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ለድንገተኛ ሪፈር አያስፈልግም። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው።

10. ምች ነው ብላችሁ በዳማከሴ ቀን አትግፉ። ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

11. ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ የታላቁን ትራፊ ለታናሹ አትስጡ፤ ተሽሎታል ብላችሁ መሐል ላይ አታቁሙ። የጎደለ መድኃኒት ትኩሳቱን አብርዶ መግሉን ውስጥ ይተወዋል። ዶክተሩም ፈሳሹን ሲያስመረምር ተሕዋሱን ማግኘት ይቸገራል።

12. ሁለት ቀን ጠብቃችሁ ካልተሻለው ተመለሱ። ትኩሳቱ መድኃኒት ከጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላም ካልለቀቀው፣ ትንፋሹ ካልቀነሰ፣ አንድ ጎኑን ካመመው ወይም ወደዚያ ጎን እያጋደለ ከተኛ፣ መግል መቋጠሩ ይጠርጠር። ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።

13. ትን ያለው ልጅ ሲረጋጋ «ወረደለት» ብላችሁ አትተዉት። ፍሬው ከጉሮሮ ወደ አንዱ ሳንባ ሲገባ ሳሉ ለጊዜው ያቆማል። ከቀናት በኋላ ባቄላው እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ከኋላው ያለው ሳንባ ይመግላል። ባቄላና ኦቾሎኒ በራጅ ላይ አይታዩም፤ ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ነው መባሉ አያዘናጋችሁ። ያነቀውን ዕለት ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ፍሬው የሚወጣው ልጁ ደንዝዞ በአየር ቧንቧው በሚገባ መሣሪያ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰ ደረት መክፈት አያስፈልግም።

14. በሚያንቅበት ቅጽበት፦ ማሳልና ማልቀስ ከቻለ ያስል፤ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ፍሬውን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ድምፁ ከጠፋ ከ1 ዓመት በታች ያለውን ፊቱን ወደ ታች፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ላይ አስተኙት፤ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፋችሁ ግርጌ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነው ከ5 ጊዜ ምት በኋላ ከጀርባው አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ፣ እርዳታም እያስጠራችሁ ቀጥሉ።

15. ወረቀት አታጥፉ። የክትባት ካርድ፣ ሪፈር፣ የራጅ ፊልም፣ የመድኃኒት ብልቃጦች በአንድ ፌስታል ይሁኑ። ካለፈው ወር ራጅ ጋር ማነጻጸር ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

ሐ. የደረት ቱቦ ሲታዘዝ

በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የሚቋጥረው መግል መጀመሪያ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ በቀላሉ ይወጣል። ቀናት ሲያልፉ ይወፍራል፣ ድር እያበጀ ክፍል ክፍል ይሆናል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ሳንባው ላይ ወፍራም ልባስ ይጋገርና እንዳይነፋ አፍኖ ይይዘዋል። መጀመሪያ ላይ አንቲባዮቲክና ቱቦ ይበቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን ደረት ተከፍቶ ልባሱ እንደ ብርቱካን መላጥ አለበት። ዛሬ ቱቦ እምቢ ያለ ቤተሰብ ከወር በኋላ ትልቁን ቀዶ ሕክምና ይፈርማል።

16. «ውኃ የተቀዳለት አይድንም» የሚለውን አትስሙ። የሚገድለው ውስጥ የቀረው መግል ነው። ቱቦው የሚገባው በማደንዘዣ፣ በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ነው። ሌላኛው ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ ካለ ውኃ በታች ይጠልቃል፤ መግልና አየር ይወጣሉ፣ የውጭው አየር ግን ተመልሶ አይገባም።

17. ጠርሙሱ ምንጊዜም ከደረቱ በታች፣ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ለራጅ ስትወስዱትም ከፍ አታድርጉት፤ ከፍ ካለ ፈሳሹ ወደ ደረት ይመለሳል። ውኃው ከትንፋሹ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ቢል አትደንግጡ፤ ቱቦው እየሠራ ነው።

18. ቱቦውን አትቋጥሩ፣ አትጠፉ፣ ልጁ አይተኛበት። ጠርሙሱንም ራሳችሁ አትድፉ። ነርሷ በየዕለቱ የወጣውን ለክታ ትመዘግባለች፤ ቱቦው መቼ እንደሚነቀል የሚወሰነው በዚያ ነው። ቱቦው ከደረቱ ከወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጎዝ ተጭናችሁ ይዛችሁ ነርስ ጥሩ።

19. ኦክስጅን አትንቀሉ። ኦክስጅን የተደረገለት ሁሉ ሊሞት ነው ማለት አይደለም። ልጁ ስላለቀሰ ብላችሁ ካነሣችሁት የምታጡት እሱን ነው።

20. የወጣው ፈሳሽ ለቲቢ ጭምር መመርመሩን ጠይቁ። ቲቢ ከሆነ ዋናው ሕክምና ለወራት የሚወሰደው መድኃኒት ነው።

መ. ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ

21. ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ከገባችሁ በኋላም አታመንቱ። ምን ሊሠራ ነው? ባይሠራ ምን ይሆናል? ደም ያስፈልጋል ወይ? ከዚያ በኋላ የት ይተኛል? በሉ። የሚወስነው ዘመድ ከአገር ቤት እስኪመጣ ሳምንት መጠበቅ ለልጁ ሳምንት ማባከን ነው፤ በስልክ ተማከሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪሙ «አይቀደድም» ካለም አምናችሁ ተቀበሉ፤ ሳንባ ውስጥ ያለ የመግል እባጭ አብዛኛውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ብቻ ይድናል።

22. የሳንባ ክፍል መወገዱን እንደ ሞት አትዩት። የቀኙ ሳንባ ሦስት፣ የግራው ሁለት ክፍል አለው። በቲቢ፣ በኩፍኝ፣ በትክትክ ወይም በተረሳ ፍሬ የተበላሸ አንድ ክፍል ዘወትር መግል እያመነጨ ጤነኛውን ይበክላል። እሱ ሲወገድ የቀረው ይሰፋል፤ የልጅ ሳንባ ገና በዕድገት ላይ ነውና ጉድለቱን ይሸፍናል።

23. የውሻ ትል ከረጢት ነው ከተባለ በባህል ሕክምና ደረቱን አታሳሹ፣ አታስበጡ። ከረጢቱ ቢፈነዳ ውኃው ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሣ፣ በሽታውንም ሊበትን ይችላል። ልጁ በድንገት ጨው ጨው የሚል ውኃ ካሳለ ከረጢቱ ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

24. ከማደንዘዣ በፊት የታዘዘውን ያህል ይጹም። የተለመደው ለምግብና ለላም ወተት 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ነው፤ ግን የዋርዱን ትእዛዝ ተከተሉ። ራበው ብላችሁ በድብቅ አታጉርሱት። ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ሲደነዝዝ ወደ ሳንባው ይወርዳል።

25. ጠበልና ሕክምናን አታጣሉ። ጸልዩለት፣ አስቀድሱለት። ነገር ግን በቀዶ ሕክምናው ጠዋት የሚጠጣ ጠበልም ውኃ ነው፤ ሰዓቱን ለነርሷ ነግራችሁ ስጡት። ቱቦ ያለበትን ወይም ስፌቱ ያልደረቀን ልጅ አታስጠምቁ። መድኃኒቱንም ለሱባኤ ብላችሁ አታቁሙ።

26. ደም ለግሱ፣ ደም አትግዙ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ደም ባንክ የሚሞላው ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ነው።

ሠ. ከቀዶ ሕክምና በኋላና እቤት

27. አልጋ ላይ አታክርሙት። ሐኪሙ እንደፈቀደ ይቀመጥ፣ ይራመድ፣ ያስል። ስፌቱ ላይ ትራስ አቅፎ ማሳል ሕመሙን ይቀንሳል። ፊኛ መንፋትና የሳሙና አረፋ መንፋት ለሳንባው ስፖርት ነው፤ ለልጁም ጨዋታ ነው። ሕመም ካለው ማስታገሻ ይጠየቅለት፤ ያመመው ልጅ በረጅሙ አይተነፍስም።

28. በደንብ አብሉት። ከመግሉ ጋር ብዙ ፕሮቲን ወጥቷል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሥጋ የተገኘው ይሰጠው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለውም የታመመ ነውና የንስሐ አባቱን አማክሩ።

29. መድኃኒቱን ጨርሱ፣ ቀጠሮውን አክብሩ። የመግል ሕክምና በደም ሥርና በአፍ በድምሩ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ከሆስፒታል ከወጣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ራጅ ይነሣል። ደረቱ ቶሎ አልጠራም ብላችሁ አትስጉ፤ ልጁ እየበላና እየተጫወተ ራጁ ሊዘገይ ይችላል። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ስፌቱ ካመገለ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ረ. ለጎረቤትና ለእድር

30. አስታማሚዋን አግዙ እንጂ አታስተክዙ። ከጌጃ ሰፈር እስከ ኮንዶሚኒየሙ እድር የሌለው ሰፈር የለም። እድር ለቀብር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌሊት ያስታምም፣ አንዱ ምሳ ያድርስ፣ አንዱ ቤት የቀሩትን ልጆች ይጠብቅ፣ ሦስት ጎረምሳ ደም ይለግስ። ዋርዱ ጠባብ ነውና ለጥየቃ በጅምላ አትግቡ፤ የሚያስል ሰው ፈጽሞ አይሂድ።

31. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታችሁን በየዓመቱ አድሱ። ልጅ ከታመመ በኋላ የሚሮጥለት ወረቀት አይደለም።

32. ከሌላ ክልል ሪፈር ተጽፎላቸው ለሚመጡ ወላጆች ደግ ሁኑ። ሆስፒታሉ የሚገኘው በእኛ ሰፈር ነው። በር የሚያሳይ፣ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ የሚጠቁም፣ ማደሪያ ላጣ የሚያሳድር ሰው ለአንድ ልጅ አንድ ቀን ያተርፍለታል።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ አታስቀምጡት፤ ማንበብ ለማትችል ጎረቤት አንብቡላት፣ በእድር ስብሰባ አንሡት፣ በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ለጥፉት። ዛሬ ማታ የሚያስል ልጅ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ።